የሸምሱ መሐላ

ጋሽ ተከስተ ከጨረር ሕክምናው እንደተመለሰ፣ አንገቱ ላይ የተሰመረውን ቀለም በኮሌታው ሸፍኖ በቀጥታ ወደ ሸምሱ ሱቅ ሄደና እንደ ልማዱ አንድ ጣቱን አነሳ። አንድ ፍሬ ሲጋራ ማለቱ ነው። ሐኪሙ ጨረሩና ጭሱ አብረው እንደማይሄዱ በየቀኑ ይነግረዋል።

«አልሸጥልዎትም ጋሼ» አለ ሸምሱ። «ባለቤትዎ በቂርቆስ አስምለውኛል።»

«አንተ እስላም አይደለህ እንዴ? ቂርቆስ ምን ያደርግሃል?»

«አሥራ ስምንት ዓመት አጥሩ ሥር ነግጃለሁ። ጎረቤቴ ነው።»

ጋሽ ተከስተ በሻከረ ድምፁ ሳቀ። «እንግዲያው ሰው ልኬ አስገዛለሁ በቃ።»

ሸምሱ ገለል ብሎ መደርደሪያውን አሳየው። ሲጋራው ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ከዳር እስከ ዳር ሳሙና ተደርድሮበታል።

«ከሚመጣው ሰው ሁሉ እርስዎ የላኩት የትኛው እንደሆነ በምን ለይቼ አውቃለሁ?» አለ።