የኮሪደሩ መጨረሻ ክፍል

ሕፃኑ አክስቶቹ እጅ ገብቷል። አንዷ ጉንጩን ትቆነጥጣለች፣ ሌላዋ ገና ጥርስ ያላበቀለ ድዱን በጣቷ ትዳብሳለች፣ ሦስተኛዋ ፎቶው እንዲያምር ወደ መብራቱ አንጠልጥላዋለች። እናቱ የዳይፐር ቦርሳውን ከትከሻዋ ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማለች። ቁጭ በይ ያላት የለም።

ለበዓሉ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ሲንገላቱ ነው የመጡት። ልጁ ደጋግሞ አስመልሶባት የሸሚዟ ትከሻ ደርቆ ቆርፍዷል። ባሏ ግን መንገዱን ሁሉ ጀግና ሆኖ ነበር። ዘንድሮ እንደ ድሮው ዝም እንደማይል፣ ልክ ልካቸውን እንደሚነግራቸው እየፎከረ የአውቶቡሱን መስኮት ሲያስፈራራ ዋለ። የቤቱን ደፍ እንደተሻገረ ትከሻው ወረደ፣ ድምፁ ቀጠነ፣ ለቤተሰቡ ብቻ የሚያወጣት ፈገግታ ከንፈሩ ላይ ተለጠፈች።

ትልቋ እህቱ፣ በሌለችበት ሁሉም “አዛዥ” የሚሏት፣ በስልክ ጸጥ ያለ ክፍል አዘጋጅቼላችኋለሁ ብላ ነበር። አሁን ክፍሉን ለአጎቷ ሚስት እንደሰጠችው ነገረቻቸው። ሴትየዋ ወገባቸውን ያማቸዋል። እነሱ ሳሎን ይተኛሉ፤ ያውም ወንዶቹ ኳሱን አይተው ሲጨርሱ።

“ችግር የለም” አለ ባሏ፣ ሳይጠየቅ።

ሚስቱ ቤቱን ቃኘችው። ሲጋራ ይዘው ሕፃን ለማቀፍ እጃቸውን የሚዘረጉትን አጎቶች አየች። ባሏን ሲሄድ የሚያሙትን፣ ሲመጣ የሚስሙትን አክስቶች አየች። ንቀቷ ለሁሉም ይዳረስ ነበር፤ አንድም ሰው አይጎድልበትም።

አዛዥ ሕፃኑን ተቀብላ ሽንኩርት እንደሚገዛ ሰው በእጇ መዘነችው።

“ከስቷል እኮ። ወተትሽ ውሃ ብቻ ነው እንዴ?”

ሳሎኑ በሳቅ ተሞላ። እሱስ ይሁን። ባሏም ሳቀ።

ልጇን ከአዛዥ እጅ ወሰደችው፤ የረሳችውን ቦርሳ እንደምታነሳ ሆና ነው የወሰደችው። ከኋላዋ አንዱ “አኮረፈች” ሲል እየሰማች ኮሪደሩን ይዛ ሄደች። መጨረሻ ላይ ያለው በር ገርበብ ብሏል። ገብታ ቆለፈችው።

ዞር ስትል አማቷ፣ የባሏ አባት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

እኚህ ሰው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። በዘመናቸው ኮቴያቸው ሲሰማ ግቢው ሁሉ ጸጥ ይል ነበር ይባላል። ሳሎን ደግሞ አባባ አሟቸው ተኝተዋል ተብላ ነበር። በካልሲ ሆነው፣ ትንሽዬ ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ የብስኩት ፓኬት ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

“አሞዎታል ተብዬ ነበር” አለች በሹክሹክታ።

“ደህና ነኝ። እንግዶቹ እስኪሄዱ ነው።”

“እንግዶቹ እኮ ልጆችዎ ናቸው።”

“አዎ” አሉ፣ ብስኩቱን እያኘኩ።

ሕፃኑ ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እሷም ቁጭ አለች። ሽማግሌው ሳትጠይቃቸው፣ ኩራት ቢጤ እየሞከራቸው፣ ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ አጫወቷት። በአንድ በዓል ትልቋ ልጃቸው ሰው ፊት አመናጨቀቻቸው፤ ለትንሽ ጊዜ ብለው እዚህ ገቡ፤ ተመቻቸው። ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ያማቸዋል። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ሳህን እየደበቁ ያመጡላቸው ነበር።

“የልጆቹን ነገር እሷ ነበረች የምትችልልኝ። ወጥታ ትመልስላቸዋለች፣ ትሰደባለች፣ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ምግቤን ይዛልኝ ትመጣለች። ከእሷ በኋላ ከበደኝ።”

ልታዝንላቸው ሞከረች። ሐዘኑ አልመጣም። በሐሳቧ የመጡት ሟቿ ሴትዮ ናቸው፤ ሳህን ይዘው፣ ዓይናቸው አብጦ፣ ይህንኑ በር በክርናቸው ሲገፉ።

“ባልሽስ?” አሉ አማቷ።

“ሳሎን ነው።”

“ይስቃል?”

“ይስቃል።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። “ጥሩ ልጅ ነው። ጠብ አይወድም። እኔን ነው የወጣው።” ሙገሳ መሆኑ ነው።

በሩ በቀስታ ተንኳኳ። ባሏ ነው፤ አንኳኳ ከማለት ይልቅ በሩን ዳበሰ ማለት ይሻላል። “ክፈቺ እባክሽ። ሰው ምን ይላል?”

“እንዳትከፍቺ” አሉ ሽማግሌው።

ከፈተች። ባሏ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ አባቱን አየ። ካልሲውን አየ፣ ሬዲዮውን፣ ብስኩቱን። ያችን ፈገግታ ገና ከፊቱ አላወረዳትም። ሚስቱ ጠበቀች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምትጠብቀው፤ “ነይ እንሂድ” ቢል፣ ወይም አባቱን ተነሱ ቢል፣ ወይም ሌላው ቢቀር ቢያፍር።

ሽማግሌው ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉ። ብርድ ልብሱ ላይ የረገፈውን ፍርፋሪ በመዳፋቸው ጠረጉና ቦታ አሰፉ።

ባሏ ወደ ሳሎኑ ዞሮ አየ። የሰፋለትንም ቦታ አየ። ከዚያ ልጁን እንዳይነካ ጎኑን አሾልኮ በሚስቱ በኩል አለፈና ተቀመጠ። አባትየው ፓኬቱን ዘረጉለት፤ አንዲት ብስኩት አነሳ።

ወጣች። ከኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ አዛዥ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ብርሃኑን ጋርዳ ቆማለች። በዚህ ቤት ሳይደበቅ ፊት ለፊት የሚገኝ ሰው ይህች ብቻ ናት ስትል አሰበች። ልጁን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛውራ ወደ እሷ መራመድ ጀመረች።

ከኋላዋ በሩ ተዘጋ፤ ቀስ ተብሎ፣ ሕፃኑ እንዳይነቃ ተጠንቅቀውለት።