የተበተኑ ሉኮች

ክላሰሩ ከእጄ ያመልጥና ቀለበቱ ተበርግዶ ሉኮቼ በሙሉ ምንጣፉ ላይ ይበተናሉ። አንዱ ከወንበር ሥር፣ አንዱ አብረውኝ ከሚማሩት ሴቶች እግር ሥር ይገባል፤ አንዱማ ተንሸራቶ መምህር ቢራራ ጋ ደርሷል። በጉልበቴ እንበረከካለሁ።

«አልኩሽ እኮ፣ አስረሳሽ» ትላለች የኔነሽ፣ ከጎኔ ተቀምጣ። «የተሰፋ ደብተር ግዢ አልኩሽ። ይሄ የቢሮ ዕቃ ነው።»

«ዝም ብለሽ ልቀሚልኝ።»

ትለቅምልኛለች። የኔነሽ ጉዴሌ ከምግብ ቤቴ አጠገብ ሱቅ አላት፤ ፊደልም አብረን ነው የጀመርነው። አፏ ነው እንጂ ልቧ ደግ ነው።

ክላሰሩን የገዛሁት ማላኪያ ገበያ፣ ከሙሔ ሱቅ ነው። «ሉክ ሲያልቅብሽ ሉክ ብቻ ትጨምሪያለሽ። ያበላሸሽውን ደግሞ አውጥተሽ ትጥያለሽ፤ ማን ያይሻል?» አለኝ። ልቤን የወሰደው ይሄ ነው። የተሳሳትኩበትን ሉክ ሁሉ እያወጣሁ፣ በንጹሕ እየገለበጥኩ መልሼ አስገባሁ። የየኔነሽ ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ተሰርዞ ቁስል ይመስላል፤ የእኔ ሙሽራ ነው። ግን እሷ ወደ ኋላ ስትገልጥ ከየት እንደመጣች ታያለች። እኔ የማየው ምንም የለም።

የገጽ ቁጥርም አልጻፍኩባቸውም። ምን ያደርግልኛል? ቅደም ተከተላቸውን እንደ ጸሎት በቃሌ አውቀዋለሁ።

የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ሳጠና ሁለት ሉክ ተጣብቆ አንድ ላይ ገለጥኩት። አፌ ግን አልቆመም፤ ያልገለጥኩትን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበነበው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የሚያነበው ዓይኔ ነው ወይስ አፌ?

ዛሬ መምህሩ አንድ በአንድ ያስነብበናል። ያነበበች ወደ ምንባብ ታልፋለች፤ ያቃታት እንደገና ከሀሁ ትጀምራለች።

ልጄ ሳሌም አዲስ አበባ እህቴ ጋ ነው ያለችው። አምና ሐምሌ፣ እዚህ በስደት ከተማችን የተነሳው ተኩስ በረድ ሲል ነው የላክኋት። በስልክ መልእክት ትጽፍልኛለች፤ የሚያነብልኝ ምሳ ሊበላ የገባ ሁሉ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የወር አበባ ያየች ቀን የጻፈችልኝን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጮክ ብሎ አነበበው። ምግብ ቤቱ በሙሉ ሰማ። ሰውየው ራሱ አቀርቅሮ ስልኬን መለሰልኝ።

አሁን ሉኮቹን ታቅፌ የመጀመሪያውን እፈልጋለሁ።

«ይተዉት፣ እትዬ አስረሳሽ» ይላል መምህሩ።

«አንዴ ላስተካክለው፣ መምህር። አሁን እጨርሳለሁ።»

«አያስተካክሉት። እኔ ልጅ ሆኜ ሀሁን በጨረስኩ ማግስት የኔታ አቡጊዳ አስጀመሩኝ። ፊደሉ ያው ነው፤ ተራው ግን የተደበላለቀ። በቃሌ ሸምድጄ እንዳልሸውዳቸው ነዋ። የእርስዎ ክላሰር ደግሞ ራሱ አቡጊዳ ሆኖ ቁጭ አለ።»

ሴቶቹ ይስቃሉ።

«እሰይ፣ እንኳንም የእኔ ተሰፋ» ትላለች የኔነሽ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ።

መምህሩ ከታቀፍኩት መሐል አንዱን ስቦ ፊቴ ያደርገዋል። አፌ ከዚህ በፊት ያለውን ገጽ ይፈልጋል። የለም። ጭልም ይልብኛል። ጣሪያው ላይ ማራገቢያው ይንቋቋል።

ጣቴን ፊደሉ ላይ አደርጋለሁ። የማውቀው ነው። የሚቀጥለውም።

«መ… ብ… መብራት» እላለሁ። «መብራት ሲጠፋ… ጀነሬተሩን… አስነሳን።»

ሌላ ይስባል። «ውሃ የጫነው ቦቴ… ጭቃ ውስጥ… ተቀበለ…» እቆማለሁ። እንዲህ አይሆንም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ መልሼ አያቸዋለሁ። «ተቀበረ። ጭቃ ውስጥ ተቀበረ።»

ያኔ ይገባኛል። አፌ እንዲህ ተደናቅፎ አያውቅም። የሸመደደ አይደናቀፍም። ተሳስቶ የተመለሰው ዓይኔ ነው።

መምህሩ ሦስተኛውን ካስነበበኝ በኋላ «አልፈዋል» ይላል፣ እንደ ቀላል ነገር፤ ወዲያው «ወይዘሮ የኔነሽ፣ ተራዎ ነው» ይላል።

እቀመጣለሁ። የኔነሽ ስታልፍ ክንዴን ትቆነጥጠኛለች። «ለስላሳ አለብሽ፤ አንድ ጠብታ አላስተርፍልሽም» ትላለች፤ ደብተሯን ግን በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛዋለች። ሉኮቹን እንደተደበላለቁ ቀለበቱ ውስጥ አስገብቼ እዘጋዋለሁ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ከሁሉም ቀድሜ ወደ በሩ እሄዳለሁ። ቤቱ የሐበሾች ማኅበራችን ንያኩሮን በሚባለው ሰፈር ለትምህርት የተከራየው ነው፤ ምንጣፍ ስላለው ጫማችንን በር ላይ እናወልቃለን። ከበሩ ጎን የእመቤታችን ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉ ጎን ደግሞ በካርቶን ላይ የተጻፈ ጽሑፍ። ስገባም ስወጣም ሥዕሉን ስሜ ጽሑፉንም እስማለሁ። የመጀመሪያው ቃል በቀይ ቀለም ስለተጻፈ የቅዱስ ስም ነው ብዬ።

ሥዕሉን እሳለማለሁ። ወደ ካርቶኑ ጎንበስ ስል ከንፈሬ ሳይደርስ ዓይኔ ይቀድመኛል። ማንም አላስጀመረኝም፤ ከፊቱ የማውቀው ገጽ የለም።

«ጫማ… እዚህ… ማስቀመጥ… ክልክል… ነው።»

ቀስ ብዬ ወደ ታች አያለሁ። ጫማዬ ከካርቶኑ ሥር፣ ጥንድ ሆኖ፣ አፍንጫውን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተቀምጧል።