ሰማኒያ ይበቃታል

«እማዬ... አንቺ ለምንድነው ሁልጊዜ ሳትጠግቢ የምትነሺው?»

ልጇ ይህን ሲጠይቃት የወተት ጥርሱ እንኳን ገና አልወለቀም ነበር።

የዳቦዋን ግማሽ ወደ እሱ ሳህን ገፋ አድርጋ ሳቀች።

«ይበቃኛል የኔ ጌታ። የእናት ሆድ ትንሽ ነው... አንተ ብላ።»

ልጁ ዓይን ዓይኗን አያት... ከዚያ በላው።

ያ ልጅ አደገና ሹፌር ሆነ። እንደ ምንም ብሎ አንዲት ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ።

ሥራው የፋብሪካ ሠራተኞችን ሌሊት ማመላለስ ነው። ጠዋት ሲገባ መኪናዋን ግቢው ውስጥ ካለው የቆርቆሮ ጥላ ስር ያቆማታል፣ ቻርጅ ላይ ይሰካታል፣ እሱም ይተኛል።

አንድ ቀን እናት ጎንበስ ብላ የመኪናዋን ስክሪን አየች... ቻርጇ ሰማኒያ ፐርሰንት ላይ ቆሟል። ወደ ቤት ገብታ ልጇን ቀሰቀሰችው።

«ልጄ፣ ይቺ ነገር አልሞላችም'ኮ! ተበላሸች እንዴ?»

«እኔ ነኝ ያቆምኳት እማዬ። ሰማኒያ ይበቃታል» አለና ትራሱን ፊቱ ላይ ደፍቶ እንቅልፉን ቀጠለ።

ይበቃታል...

እናት ይህን ቃል አሳምራ ታውቀዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትዋሽበት የኖረች ናት።

«ለኔ ብሎ ነው» አለች በሆዷ። «የመብራቱ ሂሳብ እንዳይበዛ... ለመድኃኒቴ እንዲተርፍ... ልጄ በጎዶሎ እየተንከራተተ ነው።»

የመኪናዋ ቁልፍ የሚሰቀለው ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ነው። አወረደችው። እሱ ሲያደርግ እንዳየችው፣ ስክሪኑ ላይ ያለችውን፣ ቻርጁ የት ላይ እንደሚቆም የምትወስነውን መስመር በጣቷ ገፋ ገፋ አደረገቻት... እስከ መቶ።

ከዚያ የመኪናዋን ኮፈን ደባበሰችና «ጠግበሽ ሂጂልኝ... ልጄን አደራ» አለቻት።

ያንኑ አደራ ለፈጣሪም ደገመችለት።

በማግስቱ መስመሯ ተመልሳ ሰማኒያ ላይ ነበረች። «መኪናዋ ራሷ ትሆናለች የምትመልሳት» ብላ እንደገና ገፋቻት። በሌላው ቀንም... በሌላውም...

ጎረቤቷ በአጥር ላይ ብቅ ብላ ትቀልድባታለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽ አላገባ ቢልሽ መኪናዋን ምራት አደረግሻት?»

«ምራትማ ብትሆን እስካሁን አኩርፋኝ ነበር!»

ይሳሳቁና ወደየቤታቸው ይገባሉ።

ክረምት ሄደ፣ በጋ መጣ... ደግሞ ክረምት...

መኪናዋ ደከመች።

መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ ትሠራ የነበረችው እኩለ ሌሊት ላይ ቻርጅ ፍለጋ ትቆም ጀመር። በኋላ ጭራሽ ሠራተኞቹን ጨለማ መንገድ ላይ አስቀረቻቸው። ፋብሪካው ሌላ ሹፌር ቀጠረ።

ልጁ ወደ ባትሪ ባለሙያው ሲሄድ እናት «እኔም እመጣለሁ» ብላ ተከተለችው።

ባለሙያው መርምሮ ሲያበቃ ቀና አለ።

«ሁልጊዜ እስከ መቶ ነው እንዴ የምትሞሏት?»

ልጁ አንገቱን ደፋ።

«ረጅም መንገድ ሲኖር ሞልቶ ወዲያው መውጣት ግድ የለም። ይቺ ግን መቶ ሞልታ፣ ሙቀት ውስጥ ስትቆም ነው የኖረችው። እንዲህ ሲሆን ባትሪ ያለ ዕድሜው ያረጃል። የዘወትሩን ሰማኒያ ላይ ብታቆሟት ኖሮ ገና ታገለግላችሁ ነበር።»

«መቀየርስ?»

«ባትሪው ከራሷ ከመኪናዋ ይወደዳል ወንድሜ።»

እናት ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

መኪናዋ ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ ልጇን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

«ልጄ... እኔ ነኝ። በየቀኑ ስሞላት የኖርኩት እኔ ነኝ። የጎደለብህ መስሎኝ...»

«አውቅ ነበር እማዬ።»

«ምን አልክ?»

«ገና ሲጀመር በመስኮት አይቼሻለሁ። እየደባበስሽ 'ልጄን አደራ' ስትያት... አንቺ ሳታዪኝ ዝቅ አደርጋታለሁ፣ ከእንቅልፌ ስነሳ መቶ ሞልታ አገኛታለሁ።»

«ታዲያ አፍ የለህም?! አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ልጁ መሪው ላይ ተደፋ።

«ልጅ ሆኜ ዳቦሽን ስትሰጪኝ እንዳልጠገብሽ አውቅ ነበር... እያወቅኩ በላሁት። አሁን ጎረምሼ 'አትስጪኝ' ልበልሽ? አፌ እምቢ አለኝ እማዬ። ሀያ ፐርሰንት ምን ታመጣለች ብዬ ዝም አልኩ...»



መኪናዋ በወረደ ዋጋ ተሸጠች። ልጁም ሩቅ ሀገር የሰው ከባድ መኪና ሊነዳ ሄደ። መቼ እንደሚመለስ እሱም አያውቅም።

ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ቆመና ጠየቃት።

«የተውኩልሽ ይበቃሻል አይደል?»

«ይበቃኛል የኔ ጌታ» አለችው... ልማድ ሆኖባት።

በማግስቱ ጠዋት እናት እንደወትሮዋ ቆርቆሮው ስር ሄደች። ባዶ ነው። የጎማዎቹ ዱካ ብቻ አፈሩ ላይ ቀርቷል።

ተመልሳ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። ዳቦውን ለሁለት ቆረሰች፣ ግማሹን ወደ ማዶ ገፋችው...

መልሳ ወደ ራሷ ሳበችው። ጸለየችበት። ከዚያ ሁሉንም ለብቻዋ በላችው።

አልጠገበችም።

ወገኖቼ... ሳይጠይቁ መስጠት ፍቅር ይመስለናል። እያወቁ ዝም ማለትም ፍቅር ይመስለናል። ሁለቱ አንድ ቤት ሲገናኙ ግን ያ ቤት ይፈርሳል። የምትወዱትን ሰው ጠይቁት፣ የሚወዳችሁንም ሰው ንገሩት... ጊዜው ሳያልፍ።

እስኪ እናንተ ፍረዱ፦ ሳትጠይቅ የሰጠችው እናት ናት ያጠፋችው... ወይስ እያወቀ ዝም ያለው ልጅ?