ስሙ ያልተጠራው ሰው

ኃይለ ኢየሱስ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ጸናጽል ሊማር ተነሣ። ልጁ አሰጋሽ ሁለት ቀን ሙሉ በምጥ ስትጨነቅ፣ «እመቤቴ፣ ልጄን በሰላም ብትገላግያት በንግሥሽ ቀን ከሰልፉ ቆሜ ጸናጽል እመታልሻለሁ» ብሎ ተስሎ ነበር። ተገላገለች። ስለት ደግሞ ስለት ነው። ከውጫሌ ጸናጽል ገዝቶ የደብሩን መቺዎች ማኅበር ገባ።

ማኅበርተኛው ከእሱ ጋር አሥራ ሁለት ሰው ሆነ። ከበሮውን የሚመቱት አስተማሪያቸው መሪጌታ በዕውቀቱ ናቸው።

የኃይለ ኢየሱስ እጅ ከሞፈር በቀር የሚያውቀው የለም። ከበሮው «ድም» ሲል የእሱ ጸናጽል ዘግይቶ ይንቃጨላል፤ አንዳንዴም ቀድሞ። ጓሮው ሲለማመድ ጎረቤቱ ኑርዬ ባጥሩ በላይ ብቅ ይላል።

«አያ ኃይሌ፣ ወላሂ በሬዎቼ ግራ ገባቸው! ወይ ሂዱ በላቸው፣ ወይ ቁሙ በላቸው።»

«አንተ ድቤህን ይዘህ ተቀመጥ!»

«እኔማ ኢንሻአላህ ለንግሡ መጥቼ እሰማሃለሁ። ጎረቤቴ ነው ብዬ አውርቻለሁ፣ እንዳታሳፍረኝ።»

ከሁሉ የሚያስጨንቀው ግን በቀኙ የሚቆመው ሠርክአዲስ ነው። ሃያ ዓመት የመታ ሰው ነው። ምት በተሰበረ ቁጥር ኃይለ ኢየሱስን በጎን ያይና ቶሎ ብሎ መሬት መሬት ያያል። «አዝኖልኝ ነው» ይላል ኃይለ ኢየሱስ በልቡ።

በዋዜማው ጠዋት የመጨረሻው ልምምድ ሆነ። ሦስት ጊዜ ጀመሩ፤ ሦስቴም ምቱ ተሰበረ። መሪጌታ ከበሮውን አስቀመጡ።

«ከመካከላችሁ ምት የሚሰብር ሰው አለ» አሉ። «ስሙን አልጠራም፣ ነውር ነው። ራሱን ያውቃል። ነገ ከሰልፉ እንዳይቀር፤ እጁን ከሰው ጋር ያንሣ፣ ከሰው ጋር ያውርድ። ድምፁ ግን እንዳይሰማ። ገባው?»

ማንም «ገባኝ» አላለም። ሌላ ቀን እየተቀላለዱ የሚወጡት ሰዎች ዛሬ ዝም ዝም ብለው ተበተኑ። ሠርክአዲስ እንኳ «ደህና ዋል» ሳይል ሄደ። የኃይለ ኢየሱስ ጆሮ ጋለ። «እንዳላፍር ብለው ነው ዝም ያሉት፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው» አለ።

ቤቱ ገብቶ ጸናጽሉን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲያየው ቆየ። ቢቀር ስለቱን በላ። ቢመታ ንግሡን አበላሸ።

«እመቤቴ፣ መቼም አንቺ ታውቂዋለሽ። ዘንድሮን በዝምታ ተቀበዪኝ፤ ዕድሜ ከሰጠሽኝ ለከርሞ በድምፅ አመጣዋለሁ።»

ከጋቢው ጫፍ ክር መዘዘና የሚንሸራተቱትን ብረቶች እንዳይነቃነቁ ጥፍር አድርጎ አሰራቸው።

በማግሥቱ ታቦቱ ወጣ። ሕዝቡ እልል አለ። አሥራ ሁለቱ ነጫቸውን ለብሰው ተሰለፉ። ኑርዬ ከነቤተሰቡ ከቅጥሩ በር ማዶ ቆሞ እጁን አውለበለበ፤ ኃይለ ኢየሱስ እንዳላየ ሆነ። ክሩ እንዳይታይበት በጣቶቹ ሸፈነው። ሠርክአዲስ ጸናጽሉን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይጸልያል።

መሪጌታ ከበሮውን መቱ።

አሥራ ሁለት እጅ ባንድ ላይ ተነሣ፣ ባንድ ላይ ወረደ፤ ከአንዱም ጸናጽል ድምፅ አልወጣም።