ቀይ ክር

ሐመልማል ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክታ ማብሪያውን ተጫነች። የሶርሳን እናት ፎቶ አስተካክላ ልታትመው ስትል ነበር ኮምፒውተሩ ድንገት ጠፍቶ አልነሳም ያላት። ከባንኮኒው ላይ አንድ ፍላሽ ብድግ አድርጋ ጎረቤት ኢንተርኔት ቤት ሮጠች፤ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር የሚያስነሳውን ፕሮግራም ጭናበት ተመለሰች። ፕሮግራሙ «በፍላሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ይቀጥል?» ሲላት ሳታነብ እሺ ብላው ነበር።

ሶርሳ ጥቁር ኮቱን ለብሶ የፎቶ ቤቷ በር ላይ ቆሟል። እናቱ ትናንት አረፉ። ገሱባ ከተማ የተሰበሰበው ለቀስተኛ ከሬሳው ፊት የሚያዘውን ፎቶ ይጠብቃል፤ እሳቸው ደግሞ በዕድሜያቸው ሌላ ፎቶ ተነስተው አያውቁም።

ስክሪኑ ጠቆረ። ነጫጭ ፊደሎች ወረዱበትና መሃል ላይ ቆሙ።

«መኪናው እየጠበቀኝ ነው» አለ ሶርሳ።

«ትንሽ ታገሰኝ፣ አሁን ይከፈታል።»

ፊቷን አይቶ አዘነላትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይዞሽ እህቴ፣ እንደዚህ አትጨነቂ። እምቢ ካለሽ ሌላ ቤት አሳትመዋለሁ። ጠዋት የሰጠሁሽ ፍላሽ ላይ አለ አይደል? ቀይ ክር ያሰርኩበት።»

ሐመልማል ወደ ኮምፒውተሩ ጎን አየች። ከተሰካው ፍላሽ ጫፍ ላይ ቀይ ክር ተንጠልጥሏል። ቀስ ብላ በመዳፏ ሸፈነችው።

«አለ» አለችው፣ ከቆሙት ፊደሎች ላይ ዐይኗን ሳትነቅል።