የካርዱ ጀርባ

ስብስብን መደበቅ በሕግ ከተከለከለ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከአንድ በላይ የተጫዋች ካርድ ያለው ሰው ሁሉ፣ የካርዶቹን ፊትና ጀርባ ደጁ ላይ በሚበራ ሰሌዳ ለአላፊ አግዳሚው ያሳያል። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ጋሽ ዘርጋው አራት መቶ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ካርድ ነበራቸው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ቆሞ ሲያይላቸው ደስ ይላቸው ነበር።

አንድ ጠዋት ዳቦ ቤት ተሰልፈው ሳለ፣ ከኋላቸው የቆመች ሴት ፈገግ ብላ፣ «ጋሼ፣ ካርዱ ጀርባ ላይ ‹አንተ ተኛ፣ እኔ እጠብቅሃለሁ› ብለው የጻፉት ባለቤትዎ ናቸው? ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። እኔም ልጄን ሳስተኛ እላታለሁ» አለቻቸው።

ባለቤታቸው ውድነሽ ያንን የጻፈችው ሆስፒታል ተኝታ፣ መናገር ሲያቅታት ነበር። ሌላ ወረቀት ስለጠፋ ከኪሳቸው ካርድ አውጥተው ሰጧት። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ጋሽ ዘርጋው ሴትዮዋን ሊቆጧት አልቻሉም፤ ክፋት አልነበረባትም። ዳቦውን ሳይገዙ ተመለሱና ልጃቸውን ሕሊናን ጠርተው አልበሙን አስታቀፏት።

«ለፈለገው ሰው ስጪው።»

«አባዬ፣ የአርባ ዓመት ልፋትህን?»

«ደክሞኛል፣ ልጄ። አንድ ካርድ ብቻ ያለውን ሰው ማንም አሳይ አይለውም።»

ሕሊና አልበሙን ታቅፋ ወጣች። አልበሙ በሌላ ሰው ስም ሲመዘገብ የደጁ ሰሌዳ ጠፋ። ወዲያው አንድ መንገደኛ በሩን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ሰሌዳዎ ተበላሸ እንዴ?»

ጋሽ ዘርጋው እጃቸውን ከደረት ኪሳቸው ላይ ሳያነሱ፣ «አልተበላሸም። የማሳየው የለኝም» አሉና በሩን ዘጉ።