የዴሳንካ ግማሽ ድንጋይ

ዴሳንካ የራሷን ስም በመቃብር ድንጋይ ላይ ማንበብ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆናት።

ባሏ ራዲሳቭ ሲሞት ልጇ ኔቦይሻ እንደ አገሩ ወግ ለሁለት የሚሆን ድንጋይ አቆመ። በግራ የአባቱ ስም፣ የተወለደበትና የሞተበት ዓመት። በቀኝ «የራዲሳቭ ሚስት ዴሳንካ»፣ የተወለደችበት ዓመት፣ ከዚያ ሰረዝ። ከሰረዙ ቀጥሎ ባዶ ቦታ። በዝላቲቦር ተራሮች እንዲህ ያለ ድንጋይ የሌላት መበለት ልጆቿ እንደረሷት ተቆጥሮ ይታዘንላታል። ዴሳንካን ግን ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

በሰኔ፣ በሙታን ቅዳሜ፣ ቤተሰቡ እንደ ልማዱ ምግብ ቋጥሮ ወደ መቃብሩ ሄደ። ምራቷ ሚሌቫ ድንጋዩን ወለወለችና ለራዲሳቭ ሻማ አበራች። እጇ አልቆመም፤ ሁለተኛውን ሻማ ለኩሳ ከዴሳንካ ስም ሥር ተከለችው።

ዴሳንካ ጎንበስ ብላ እፍ አለችው።

«ገና አልሞትኩም እኮ» አለች።

«እማዬ፣ ተሳስታ ነው» አለ ኔቦይሻ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነው የተሳሳታችሁት።»

እዚያው ተቀምጣ የተቀቀለ እንቁላል እየላጠች፣ ቀሪ ዕድሜዋን የት እንደምትኖር ገና እንዳልወሰነች ነገረቻቸው። ወይ እዚህ ተራራው ላይ፣ ወይ ባናት። ባናት የተወለደችበት ሜዳ አገር ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ተድራ ወደ ተራራው ወጣች፤ የወላጆቿ ቤት እስከ ዛሬ ተዘግቶ ይጠብቃታል።

«ባናት ምን አለሽ?» አለ ኔቦይሻ። «እንደ ምጣድ የተዘረጋ አገር። የዛሬ ሳምንት ሊጠይቅሽ የሚመጣ ጎረቤት ከዛሬው ይታይሻል።»

«ጥሩ ነው፤ ድስት ለመጣድ ጊዜ አገኛለሁ።»

«እማዬ፣ ያንቺ ቦታ እኮ እዚህ ተዘጋጅቷል።»

«እኔስ ምን አልኩህ? የተዘጋጀልኝ መቃብሩ ነው።»

ነገሩን ከልቧ ይዛው ነበር። ተራራው ንጹሕ አየርና ቀዝቃዛ ምንጭ አለው፤ ልጇና የልጅ ልጆቿም እዚያው ናቸው። ግን በረዶው አራት ወር በር ይዘጋል፣ ከዚያም በላይ ያ ድንጋይ አለ። ሜዳው ጭቃና ትንኝ ነው፣ ነፋሱም አያድርስ ነው። ግን ቲማቲሙ በጥቁሩ አፈር ያለ ልመና ይበቅላል። አገር በወሬ አይመረጥምና ሄዳ ማየት ፈለገች።

ባናት ውስጥ ድንጋይ የሚባል ነገር የለም። ሰው ሲሞት የመቃብሩ ድንጋይ ከተራራ ይወርዳል። ድንጋይ ጠራቢው ጎርቺን በወር ሁለት ጊዜ በጭነት መኪናው ያደርሳል። የዴሳንካን ስም የቀረጸውም እሱ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች የቆየ፣ ነገር የማያበዛ ሰው። ዴሳንካ ከጎኑ ገብታ ተቀመጠች።

«ስሜን ልትፍቅልኝ ትችላለህ?» አለችው፣ ገና የመጀመሪያውን ቁልቁለት ሳይጨርሱ።

«እትዬ ዴሳንካ፣ የተቀረጸ አይፋቅም። መጨመር ብቻ ነው የሚቻለው።»

ሄዳ ተመለሰች። ደግማ ሄደች። በነሐሴ ሁለት ጊዜ ሄደች። ጫማዋ ላይ ጥቁር ጭቃ ይዛ ትመለስና ስድስት የጣሪያ ሸክላ መለወጡን፣ የጉድጓዱ ውሃ መጣራቱን ታወራለች። መንደሩም ዝም አላለም። ከመቃብር ድንጋይ ጋር የምትመላለስ አሮጊት መጨረሻዋ የት እንደሆነ ይታወቃል ተባለ።

አንድ ቀን ሚሌቫ አማቷ ሣጥኗን ከፍታ ነጩን ሸሚዝ ስትተኩስ አየቻት። የአሮጊት ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው የመቀበሪያ ልብስ መሆኑን የማያውቅ የለም። ሚሌቫ እያለቀሰች ለባሏ ነገረችው።

ኔቦይሻ አንድ የደበቀችው በሽታ አለ ብሎ ጠረጠረና ወደ ጎርቺን ሄደ።

«እናቴ ለባናት ድንጋይ አዝዛለች?»

«አላዘዘችም።»

«መንገድ ላይ ታማርራለች? የሚያማት ነገር አለ?»

ጎርቺን መሮውን በሽርጡ ጠረገ። «ዴሳንካን? የለም። መንገዱን ትወደዋለች።»

በመስከረም ዴሳንካ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ወስኛለሁ። ባናት ነው።»

«አባዬን ብቻውን ትተሽው?» አለ ኔቦይሻ።

«አርባ ሦስት ዓመት አንድ ቀን ብቻውን ትቼው አላውቅም። አሁን እሱ ይታገሠኝ።» ከዚያ ጉንጩን ሳመችው። «የሚመጣው እሑድ ሁላችሁም ኑ። እንዳትቀሩ።»

ሣጥኗንና አንድ ድስት ብቻ ይዛ በጎርቺን መኪና ወረደች።

እሑድ ጠዋት ኔቦይሻ ከመነሣቱ በፊት ለአባቱ ሻማ ሊያበራ ወደ መቃብሩ ጎራ አለ። ከ«የራዲሳቭ ሚስት ዴሳንካ» ቀጥሎ፣ ከሰረዙ በኋላ፣ የዘንድሮ ዓመት ተቀርጿል። ሣሩ ላይ የድንጋይ ብናኝ ገና ነጭ ነው።

ወደ መኪናው ሮጠ። ሻማውን እንኳ አላበራም።

አምስት ሰዓት ሙሉ ነዳ። ሚሌቫ ጥቁር ሻሿን አስራ ከጎኑ ታለቅሳለች፤ ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠዋል። ከሩቅ ታየ፤ የአያቶቹ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ መንገዱ ዳር መኪና ተደርድሯል፣ ግቢው ውስጥ ረጅም ገበታ ተዘርግቶ ቄሱ ቆመዋል። ሰዉ መኪናቸውን ሲያይ መንገድ ለቀቀላቸው።

ዴሳንካ ነጩን ሸሚዝ ለብሳ፣ የጎርቺንን ክንድ ይዛ ከመካከል ወጣች።

«ሚሌቫ፣ ያንን ሻሽ ፍቺው» አለች። «ሙሽራ ፊት ጥቁር አይለበስም።»